ትሬለራችሁ ካምፕ ሳይቱ ላይ አልገባ ካለ፦ ችግሩ የት ነው?

አሜሪካ ፓርክ ውስጥ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ይዞ ለማደር ሳይት፣ ማለትም የማደሪያ ቦታ፣ ቡክ የምታደርጉ ሁሉ ይሄን አንብቡት፣ ልጆች ይዛችሁ በጨለማ እንዳትጉላሉ።

ችግር፦ ኦንላይን ተቀብሏችሁ ስትደርሱ አልገባም

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ትሬለሩ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። እኛ 24 የሚል የተጻፈበት ተከራየንና 25 ጫማ የሚፈቅድ ሳይት ያዝን፣ ማታ ደረስን፣ ባለቤቴ በስልኳ መብራት እያሳየችኝ በሪቨርስ ሳስገባ የኋላው ዛፍ ሊነካ ምንም አልቀረውም ፊቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) መጥቶ እዚህ ማደር አትችሉም አለን፣ ደግነቱ ሌላ ረዘም ያለ ሳይት ክፍት ነበር። ጠዋት በሜትር ስለካው ከ28 ጫማ በላይ! ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሞዴሉ ስም ነው ወይም የቤቱን ርዝመት ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ ከፊት ያለውን ከመኪና ጋር የሚያያዘውን ብረት አይቆጥርም፣ እሱ ብቻውን ደግሞ 3 ወይ 4 ጫማ ይሆናል።

መፍትሄው፦ ራሳችሁ ለኩ። ከሂቹ (ከመኪናው ጋር ከሚያያዘው ብረት) ጫፍ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ባምፐር፣ ከኋላ ስኮርታ ወይም የሳይክል መስቀያ ካለ እሱንም ጨምሩ። የምትከራዩ ከሆነ ሞዴሉን ሳይሆን ጠቅላላ ርዝመቱን ጠይቁ።

ችግር፦ ትሬለሩ ገባ፣ መኪናው ቦታ አጣ

አንዳንዱ ቦታ የትሬለሩን ርዝመት ብቻ ነው የሚጽፈው፣ አንዳንዱ ደግሞ መኪናውም እዛው ላይ ነው የሚቆመው። ፒካፕ ወደ 19 ጫማ ስለሚወስድ ቡክ የሚደረግበት ድረገጽ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ላይ የሳይቱን ቁጥር ከፍታችሁ የመግቢያውን ርዝመት እዩ፣ ግልጽ ካልሆነ ደውላችሁ መኪናው ሌላ ቦታ ይቆማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ችግር፦ በቁጥር ይበቃል ግን አይታጠፍም

ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ጠባብ መታጠፊያ። ደግሞ ለምሳሌ ዮሰሚቲ ፓርክ ያለው አፐር ፓይንስ ካምፕ ለአርቪ (ራሱ ሞተር ላለው የቤት መኪና) 35 ጫማ እየፈቀደ ለትሬለር 24 ብቻ ነው የሚለው፣ ስለዚህ የአርቪውን ቁጥር አይታችሁ ይበቃናል እንዳትሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበትን ሳይት ፈልጉ፣ ውድድር ቢኖረውም ዋጋ አለው።

ችግር፦ ሳይቱ ልክ ነው፣ መንገዱ አያሳልፍም

ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። ግላሲየር ፓርክ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የሚባለው መንገድ ላይ ከአቫላንች እስከ ራይዚንግ ሰን ባለው ክፍል መኪናና ትሬለሩ ተደምረው ከ21 ጫማ ከበለጡ ማለፍ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ራይዚንግ ሰን ሳይት የያዘ ሰው በምስራቅ በኩል በሴንት ሜሪ ነው መግባት ያለበት።

ለኛ ለዲሲና ቨርጂኒያ ሰዎች ደግሞ ሸናንዶዋ ፓርክ አለ። ፓርኩን በሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ቶነል አለ፣ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ በፍሮንት ሮያል ወይ በ211 መንገድ ገብታችሁ ወደ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ስትሄዱ የግድ በሱ ነው የምታልፉት። ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ ጨምራችሁ ለኩ፣ ከበለጠ በ33 መንገድ ዞራችሁ በስዊፍት ራን ጋፕ ግቡ፣ በዛ በኩል ቶነሉ ሳያገኛችሁ ትደርሳላችሁ።