ገና ያልተለቀቀን ፖርተብል ሶፍትዌር እንዴት መሞከርና ለሌሎች ማቅረብ ይቻላል?

ፖርተብል የሚባለው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከአንድ ፎልደር ተነሥቶ የሚሠራ፣ ቅንብሩንም ሆነ የተጠቃሚውን መረጃ እዚያው ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ ነው። ፎልደሩ ፍላሽ ላይ ካለ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ኢንተርኔት ካፌ አብሮ ይዞራል። ያልተለቀቀ እትም ለመሞከር ከዚህ የሚመች መንገድ የለም፤ ነባሩ እትም ሳይነካ አዲሱ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ካልሆነም ፎልደሩን አጥፍቶ መገላገል ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን የሁለቱ እትሞች መረጃ እስካልተቀላቀለ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ጥንቃቄም አብዛኛው ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በምሳሌነት የምንወስደው ሊብሬኦፊስን፣ ማለትም ሰነድና ሠንጠረዥ የሚሠራበትን ነፃ የቢሮ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራውን ነው።

መጀመሪያ ሊያወርዱት ያሰቡት እትም የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ከፋይሉ ስም ይለዩ። አልፋ ሥራው ያላለቀ፣ ገና የሚጨመርበትና የሚቀነስበት እትም ነው። ቤታ ላይ አዲስ ነገር መጨመሩ በአብዛኛው ቆሞ ስሕተት ማረም ተጀምሯል። አርሲ የሚል ምልክት ያለበት ደግሞ ከባድ ስሕተት ካልተገኘበት እንዳለ ሊለቀቅ የተዘጋጀ እጩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በኢንስቶለር (ፕሮግራም በሚጭነው ፋይል) የሚጫነው የሊብሬኦፊስ አልፋና ቤታ «ሊብሬኦፊስ ዴቭ» በሚል የተለየ ስም ከነባሩ ጎን ይቀመጣል፤ አርሲው ግን የነባሩን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ለመጨረሻው የቀረበ ነው ተብሎ የታመነው እትም፣ ለሥራ ኮምፒውተር ከቤታው ይልቅ የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ፖርተብሉን መምረጥ ይህን ጣጣ ያስቀራል።

ፋይሉን ካወረዱ በኋላ ሳይከፍቱት በፊት በትክክል መድረሱን ያረጋግጡ። ሊብሬኦፊስ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ፣ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የወረደ ፋይል ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል፤ በተበላሸ ፋይል የተደረገ ሙከራ ደግሞ የሌለን ስሕተት ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ከማሳወቅ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ፋይል መጠቅለያና መዘርገፊያው ሰቨን ዚፕ ኮምፒውተርዎ ላይ ካለ፣ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክተው በሲአርሲ ኤስኤችኤ ሥር ኤስኤችኤ 256ን ይምረጡ፤ የሚያወጣልዎትን 64 ፊደልና አኃዝ ፋይሉን ያወረዱበት ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ይህ ቁጥር ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ያሳያል እንጂ ማን እንዳዘጋጀው አይመሰክርም፤ ለዚያ የሚያገለግለው ዲጂታል ፊርማ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የሙከራውን እትም ለብቻው ማስፈር ነው። ፖርተብል ፕሮግራሞችን በሚያቀርበው ድረ ገጽ፣ በፖርተብልአፕስ ዶት ኮም አሠራር የተዘጋጀ ፕሮግራም በአንድ ዋና ፎልደር ውስጥ «አፕ»፣ «ዳታ» እና «አዘር» የሚባሉ ሦስት ፎልደሮች ይኖሩታል። ፕሮግራሙ ራሱ ያለው «አፕ» ውስጥ ሲሆን፣ የእርስዎ ቅንብርና መረጃ ግን «ዳታ» ውስጥ ነው። ኢንስቶለሩ ነባሩ እትም ያለበትን ፎልደር ሲያቀርብልዎት ዝም ብለው ካለፉ «አፕ» በአዲሱ ይተካል፣ «ዳታ» ደግሞ እንዳለ ይቆያል። ለመደበኛ ማሻሻያ ይህ ጥሩ አሠራር ነው፤ ለሙከራ ግን አደገኛ ነው፣ ያልበሰለው ፕሮግራም ዓመታት ያጠራቀሙትን ቅንብር ከፍቶ በራሱ መንገድ ሊጽፍበት ይችላልና። ስለዚህ መድረሻውን በእጅዎ ይቀይሩና የእትሙን ቁጥር የያዘ አዲስ ፎልደር ይስጡት።

አዲሱ እትም የቆየ ቅንብርዎን እንዴት እንደሚቀበል ማየት ከፈለጉ የነባሩን «ዳታ» ቅጂ ወደ አዲሱ ይውሰዱ። ሲወስዱ ኮፒ ያድርጉ እንጂ አያዛውሩ፤ ከሙከራው ወደ ነባሩ ደግሞ ምንም አይመልሱ። አዲስ እትም የጻፈውን ቅንብር አሮጌው ላያነበው ይችላል፤ የድር ማሰሻው ፋየርፎክስ በ2019 ከወጣው ከእትም 67 ወዲህ በአዲስ እትም የተከፈተን ፕሮፋይል (የተጠቃሚውን ቅንብርና መረጃ የያዘውን ፎልደር) በአሮጌው አልከፍትም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም።

አሁን ሙከራው ይጀመራል። ፕሮግራሙን ከፍቶ ሁለት መስመር ጽፎ መዝጋት ሙከራ አይባልም። ዘወትር የሚሠሩበትን፣ ሠንጠረዥና ሥዕል ያለበትን ረጅም ሰነድ ቅጂ ይክፈቱ፣ ያርሙ፣ በፒዲኤፍ ያውጡት፤ ከዚያም ያንኑ ሥራ በነባሩ እትም ይድገሙትና ልዩነቱን ይመልከቱ። የፖርተብልነቱ ፈተና ግን ሌላ ነው። ፍላሹን በደንቡ አውጥተው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ድራይቭ ኢ የነበረው ሁለተኛው ላይ ድራይቭ ኤፍ ሲሆን፣ በቅርብ የተከፈቱ ሰነዶች ዝርዝርና የፎልደር አድራሻዎች አብረው መታረማቸውን ይዩ። ቢቻል ይህ ሁለተኛው ኮምፒውተር የአድሚን ፈቃድ የሌለዎት ቢሆን ይመረጣል። ፕሮግራሙን ከዘጉ በኋላም የተጠቃሚው «አፕዳታ» ፎልደር ውስጥ በስሙ የቀረ ነገር መኖሩን ይፈትሹ፤ ትቶት የሄደው ነገር ካለ ፖርተብል ለመባል ይቀረዋል።

ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ፤ እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የማደርገው እሱን ነው። ፎልደሩን «አዲስ ሙከራ» ብለው በአማርኛ ይሰይሙት፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታም አይንኩት፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ያስነሡ። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ በሚይዘው የኮምፒውተር ደንብ፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ የዊንዶውስ የድሮዎቹ ኮድ ፔጆች (የጥቂት ቋንቋዎችን ፊደል ብቻ የሚይዙ ሰንጠረዦች) ግን አንዱም አይዘውም፤ ስለዚህ ፋይልን በአሮጌው ዘዴ የሚጠራ አንዲት ክፍል እንኳ በፕሮግራሙ ውስጥ ካለች፣ የፎልደሩ ስም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣል። አንድ አነስተኛ የድምፅ መቁረጫ ስሞክር ፕሮግራሙ ራሱ በሰላም ተከፍቶ፣ «አስቀምጥ» ስለው ብቻ ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ፤ ፎልደሩን በላቲን ፊደል ስሰይመው ችግሩ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ስሕተት በእንግሊዝኛ ስም ብቻ የሚሠሩ ሞካሪዎች ሊያገኙት አይችሉም።

ስሕተት ሲያገኙ መጀመሪያ በአዲስ ባዶ «ዳታ» ይድገሙት፤ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው ቅንብሩ ላይ ነው። ካልጠፋ በነባሩ እትም ይሞክሩት፤ ነባሩ ላይ የሌለ ከሆነ ይህ ለአራሚዎቹ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሪፖርቱ ላይ የዊንዶውስዎን እትም፣ ችግሩን የሚያመጡትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል፣ የጠበቁትንና የሆነውን ይጻፉ። የሊብሬኦፊስ «ስለ» መስኮት ላይ የእትሙን ዝርዝር በሙሉ የሚቀዳ ቁልፍ ስላለ በእጅ መገልበጥ አያስፈልግም።

የሞከሩትን ወይም ራስዎ ያዘጋጁትን እትም ለሌሎች ለማቅረብ ሲነሡ ደግሞ ከሁሉ በፊት «ዳታ» ፎልደሩን ባዶ ያድርጉ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው፤ አንድ ጊዜ የኢሜይል ፕሮግራም የሙከራ እትም በዚፕ ጠቅልዬ ለጥቂት ወዳጆች ልኬ፣ በማግሥቱ አንደኛው ደውሎ «ወንድሜ፣ እኔ ስከፍተው ያንተ ደብዳቤዎች ናቸው የሚመጡት» አለኝ። ፋየርፎክስን ያየን እንደሆነ፣ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትም መክፈቻቸውም ያሉት በዚሁ ፕሮፋይል ውስጥ ነው። ከጠቀለሉት በኋላ ዚፑን በሌላ ኮምፒውተር ዘርግፈው፣ እንደ እንግዳ ሰው ሆነው አንድ ጊዜ ይክፈቱት።

ማስቀመጫው የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ከሆነ ፕሮግራሙን ከኮዱ ጋር አያስገቡ፤ እዚያ ከ100 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። በ«ሪሊዝ» ክፍል ግን እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ማያያዝ ይቻላል። እዚያው «ፕሪ ሪሊዝ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግዎን አይርሱ፤ ካልሆነ ያልበሰለው እትም «የመጨረሻው» ተብሎ ከፊት ይወጣል። የፋይሉ ስም ላይ የእትሙ ቁጥርና ደረጃው ይግቡ፤ «አዲሱ» ወይም «የመጨረሻው» የሚል ስም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንንም አይረዳም። ከጎኑ የኤስኤችኤ 256 ቁጥሩን፣ የታወቁ ችግሮችን፣ ሪፖርት የሚላክበትን ቦታ፣ እንዲሁም ዊንዶውስ ፊርማ የሌለውን ፋይል ሲያይ ሰማያዊ የማስጠንቀቂያ መስኮት ሊያወጣ እንደሚችል ይጻፉ።

ፈቃዱንም ማንበብ ግድ ነው። ጂፒኤል በሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ የወጣን ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የሥዕል ማረሚያውን ጊምፕን፣ የተዘጋጀውን ፋይል ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው የዚያኑ እትም ምንጭ ኮድ ተቀባዩ እንዲያገኘው የማድረግ ግዴታ አለበት። ኮዱ ክፍት ሆኖ ስሙና አርማው የንግድ ምልክት የሆነበት ጊዜም አለ፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ከ2006 እስከ 2016 ፋየርፎክስን «አይስዊዝል» ብሎ ያከፋፈለው በዚህ ክርክር ነበር። ኮዱን ከነኩት ስሙን ይቀይሩ።

ይፋዊው እትም ሲወጣ የሙከራውን ፋይል ያንሡ፤ ገጹን ግን አይሰርዙት። በአሮጌ ሊንክ የሚመጣው ሰው «ይህ ሙከራ አብቅቷል፣ ይፋዊው እትም እዚህ ይገኛል» የሚል አንድ መስመር እንዲያገኝ ያድርጉ።