ለመብራት ማማ ፎቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ከመንዳታችሁ በፊት፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዲሲ አካባቢ የምንኖር ፎቶ ወዳዶች ሰመር ሲመጣ አንድ ሐሳብ ይይዘናል። መኪናውን ሞልተን ወደ ኖርዝ ካሮላይና ባሕር ዳር መውረድ። ቦታው አውተር ባንክስ ይባላል። በአትላንቲክ ውቅያኖስና እንደ ፓምሊኮ ሳውንድ ባሉ የውስጥ ውሃዎች መካከል የተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴቶች ሰንሰለት ነው። ባሕሩ ብዙ መርከብ ስለበላ «የአትላንቲክ መቃብር» የሚል ስም ወጥቶለታል። በዚህ ምክንያት ነው በ1800ዎቹ እነዚያ ውብ የመብራት ማማዎች፣ በተለምዶ ላይትሃውስ የምንላቸው፣ የተሠሩት።

አሁን መንገዱን ለምጄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎቼ ግን ጥሩ ፎቶ ሳይሰጡኝ ነው ያለፉት። ካሜራው አልነበረም ችግሩ። እቅዴ ነበር። እናንተ ስድስት ሰዓት ነድታችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሁሉንም ማማ በአንድ ቀን ማየት

ካርታው ላይ ሲታዩ ቅርብ ለቅርብ ይመስላሉ። ከሰሜን ጀምሮ የከሪታክ ማማ አለ፤ ቀለም ያልተቀባ ቀይ ጡብ ነው። ቀጥሎ የቦዲ አይላንድ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የተቀባው። ከዚያ የኬፕ ሃተራስ፣ ጥቁሩና ነጩ እንደ ጠመዝማዛ የሚዞርበት። መጨረሻ ላይ ነጩ የኦክራኮክ ማማ። ቀለማቸው የተለያየው ለጌጥ አይደለም። መርከበኛው ቀን ቀን የትኛው የባሕር ዳርቻ አጠገብ እንዳለ በዓይኑ እንዲለይ ነው።

ከከሪታክ እስከ ሃተራስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይነዳል። ኦክራኮክ በመኪና መንገድ አይደረስም፤ በጀልባ ነው የሚገባው። ለፎቶ የሚሆነው ብርሃን ደግሞ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም ለአንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። ሁሉንም ላዳርስ ካላችሁ አብዛኛውን የምታነሱት በቀትር ፀሐይ ነው። ሰማዩ ነጭ፣ ጥላው ድፍን ይሆናል። አንዱን ለጠዋት፣ ሌላውን ለማታ ምረጡ። የሚቻል ከሆነ ሁለት ሌሊት እዚያው እደሩና አንዱን ማማ ሁለት ጊዜ አንሱት። የሁለተኛው ቀን ፎቶ ሁልጊዜ ይበልጣል።

ሰመር ላይ ቅዳሜ አትሂዱ። በሳምንት የሚከራዩት ቤቶች ተከራይ የሚቀያይሩት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ድልድዩ ላይ ሰልፉ አያድርስ ነው።

በድሮ ፎቶ ማቀድ

ይሄ እኔን በጣም የጎዳኝ ነው። የኬፕ ሃተራስን ማማ ማዕበሉ እግሩ ሥር ሲሰበር የሚያሳይ ፎቶ አይቼ ልቤ ተሰቀለ። ያንን ፎቶ አነሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ያ ፎቶ ዛሬ የለም። ማማው ከ1870 ጀምሮ እዚያ ሲቆም ባሕሩ ዓመት በዓመት አሸዋውን እየበላ ተጠጋው። ሊወድቅ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከመሠረቱ ነቅለው በሐዲድ ላይ እየገፉ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወሰዱት። 60 ሜትር የሚረዝም፣ 4,800 ቶን የሚመዝን የጡብ ማማ ነው! ሃያ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ አንድም ጡብ ሳይወድቅ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ ማማውንና ማዕበሉን አንድ ላይ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ሰፊ ሌንስ ይዞ ግንቡ ሥር መቆም የለበትም። አሸዋው ላይ ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሳት አለበት። ረጅም ሌንስ ርቀቱን ያጠብበዋል፤ ማማው ከአሸዋው ክምር በስተጀርባ ገዝፎ ይወጣል። ግንቡ ሥር ሆናችሁ ካሜራውን ወደ ላይ ካቀናችሁት ግን ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ትልቅ እድሳት ተጀምሮ ማማው በብረት መወጣጫ ተከበበ። እኔ ይህን ያወቅኩት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። የፓርኩ ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላየሁም። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ሳምንት የተነሳ ፎቶ ፈልጉ። የፓርኩን ማስታወቂያ አንብቡ። ካላረካችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የሰዓት ነገር

አገር ቤት ያደገ ሰው ፀሐይን ያምናታል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። ስለዚህ «ጠዋት በማለዳ» ብሎ መነሳት ይበቃል። እዚህ ግን አይበቃም። ሃተራስ ላይ በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ 1 ሰዓት ከ20 ይሆናል። የምትወጣበት አቅጣጫም ይለያያል። በጁን ከሰሜን ምሥራቅ፣ በዲሴምበር ከደቡብ ምሥራቅ ትመጣለች። ልዩነቱ ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋል። በጁን ከማማው ጎን ወጥታ ያያችኋት ፀሐይ በዲሴምበር ፍሬማችሁ ውስጥ ጭራሽ ላትገባ ትችላለች። ፎቶፒልስን የመሰለ መተግበሪያ ቀኑን ስትነግሩት ፀሐይና ጨረቃ የት እንደሚወጡ ካርታው ላይ መስመር ያሰምርላችኋል። ቤት ቁጭ ብላችሁ ከቡና ጋር የሚሠራ ሥራ ነው።

ሰዓትን ካነሳን አይቀር፣ አብሯችሁ የሚሄደው ሰው የሚቆጥረው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አረጋግጡ። እኔ ጓደኛዬን «11 ሰዓት ላይ ታች ጠብቀኝ» አልኩት። ሊነጋ ሲል ማለቴ ነበር። እሱ ደግሞ በልጅነቱ እዚህ የመጣ ስለሆነ የሰማው በፈረንጅ 11 ነው፤ ረፋድ አምስት ሰዓት ማለት ነው። ተኝቶ ቀረ፤ እኔም ብቻዬን ጨለማ ውስጥ ቆሜ ስደውልለት ብርሃኑ አለፈ። አሁን «በፈረንጅ» ወይም «በሐበሻ» ሳንባባል ቀጠሮ አንይዝም።

ንፋሱን መናቅ

የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያበረሩት እዚሁ ነው፤ ኪል ዴቪል ሂልስ ላይ። ከኦሃዮ ድረስ የመጡት የማያቋርጥ ንፋስና ለስላሳ አሸዋ ፈልገው ነው። ለእነሱ የጠቀማቸው ለእኛ ትራይፖድ፣ ማለትም ለካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ጠላት ነው።

ቀላል ትራይፖድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መሀል ዘንጉን አታውጡት። እግሮቹን ሰፋ አድርጋችሁ አሸዋው ውስጥ ጠበቅ አድርጉ። ቦርሳችሁን ሥሩ አንጠልጥሉበት፤ ቦርሳው ግን መሬት ይንካ፣ ካልሆነ እየተወዛወዘ ያንቀጠቅጠዋል። ማዕበል በሚደርስበት ቦታ ከቆማችሁ ውሃው በተመለሰ ቁጥር አሸዋው ከእግሩ ሥር ይሸሻል፤ ፎቶው ሳይታወቃችሁ ይደበዝዛል።

ጨዉም አለ። ንፋሱ የባሕሩን ርጭት በጭጋግ መልክ ያመጣዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። መጀመሪያ አሸዋውን በአየር መንፊያ አንሱ፣ ከዚያ ጨርቁን በንጹሕ ውሃ ራስ አድርጋችሁ ጥረጉ። በደረቅ ጨርቅ ካሻችሁት አሸዋው መስታወቱን ይቧጭረዋል። ሌንስ መቀየር ካስፈለገ መኪና ውስጥ ገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ ቀይሩ። ማታ ስትመለሱ ትራይፖዱን በቧንቧ ውሃ እጠቡት፤ ካልታጠበ ጨዉ መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ኤሲው ነው። ካሜራው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አድሮ ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጣ ሌንሱ ወዲያው በላብ ይሸፈናል። ብትጠርጉትም ይመለሳል። ሊነጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይሄ ቢደርስባችሁ ምንም ማድረግ አይቻልም። ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ካሜራውን ከነቦርሳው፣ ሳትከፍቱት፣ ውጭ አኑሩት። ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ለባሕር ጀርባ መስጠት

ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ባሕር ሲባል ብዙ ጊዜ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሐይቅ ነው። ጣና ጠዋት የቆማችሁበት ድንጋይ ማታም እዚያው ይጠብቃችኋል። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። አውተር ባንክስ ላይ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ወጥታችሁ ሜይን ክፍለ ግዛት ወዳለው የፖርትላንድ ሄድ ማማ ከሄዳችሁ ደግሞ ሦስት ሜትር ይጠጋል፤ በእግራችሁ የገባችሁበት ዐለት መመለሻ ሊያጣ ይችላል።

የሙላትና የጉድለት ሰዓት ለእያንዳንዱ ቀን አስቀድሞ ይታወጃል። ከፀሐይ ሰዓት ጎን ጻፉት። ለፎቶም ይጠቅማል፤ ውሃው ሲጎድል እርጥቡ አሸዋ እንደ መስታወት ሰማዩን ያሳያል።

ልጆች ወይም የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ይዛችሁ ከሆነ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ፎቶ አንሺው ዓይኑ ካሜራው ላይ ነው። የሚነሱት ሰዎች ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተዋል። ማዕበሉን የሚያየው ማነው? አንድ ሰው ሥራው ባሕሩን ማየት ብቻ ይሁን። እርጥብ ቀሚስ ይከብዳል፣ እግር ይጠልፋል። በዚያ ላይ የዚህ ባሕር ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት በየዓመቱ ሰው ይወስዳል።

ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች

ድሮን ይዛችሁ አትልፉ። ቦዲ አይላንድም ሃተራስም በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ናቸው፤ ከ2014 ጀምሮ ከፓርኩ መሬት ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። ሥነ ሥርዓት ወይም ብዙ ሰውና ዕቃ ካላችሁ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መኪናችሁን ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ አሸዋው አታስወጡ፤ ጎማው ይሰምጣል። ቦዲ አይላንድ ረግረግ አጠገብ ስለሆነ ቢምቢ ብዙ ነው፤ እጀ ሙሉ ልብስ ያዙ። ስንቅ ቋጥሩ። ሌሊት ፎቶ አንስታችሁ ስትጨርሱ ምግብ ቤት የምታገኙ አይመስለኝም፤ ዳቦ ቆሎና ፔርሙዝ ሻይ ያኔ ነው ክብሩ የሚታወቀው።

ከሜይ እስከ ሰመሩ መጨረሻ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ሌሊት ወደ አሸዋው ይወጣሉ። ነጭ ባትሪ ያሳስታቸዋል። ቀይ መብራት ተጠቀሙ፣ እሱም ቢሆን ወደ መሬት ይሁን።

ከጁን እስከ ኖቬምበር የሄሪኬን ወቅት ነው። ሃተራስ የሚያደርሰው መንገድ ቁጥር 12 አንድ ብቻ ነው፤ ማዕበል ሲያልፍበት ይዘጋል። ማስጠንቀቂያ ካለ ቅሩ። ተራ ደመና ከሆነ ግን አትቅሩ። ለእኔ ከጠራ ሰማይ ይልቅ የተቆራረጠ ደመና ያለበት ሰማይ ለማማ ያምራል።

ፀሐይ ገባች ብሎ መሄድ

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ፀሐይ እንደገባች ሰው ሁሉ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መኪናው ይሄዳል። ማማው ግን ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ድረስ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ የመብራቱ ብርሃንና የሰማዩ ብርሃን ይመጣጠናሉ። ከዚያ በፊት መብራቱ አይታይም። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል።

ሳይጨልም ፎከሱን ማማው ጠርዝ ላይ አስተካክሉና ወደ ማንዋል ቀይሩት። ከጨለመ በኋላ ካሜራው ፎከሱን እየፈለገ ይዋትታል።

ከዚያ የመብራቱን አመታት እወቁ። እያንዳንዱ ማማ የራሱ አለው፤ መርከበኛው ሌሊት የሚለየው በዚያ ነው። የሃተራስ በየ7.5 ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ የሚል ነው። የቦዲ አይላንድ ለ2.5 ሴኮንድ ይበራል፣ 2.5 ሴኮንድ ይጠፋል፣ እንደገና 2.5 ሴኮንድ ይበራል፣ ከዚያ 22.5 ሴኮንድ ሙሉ ጨለማ ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ምሽት ሙሉ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መክፈቻ፣ ለ4 ሴኮንድ ብቻ እየከፈትኩ አነሳሁ። ቤት ስመለስ ማማው አብዛኛው ፎቶ ላይ የጠፋ ነበር። ሠላሳ ሴኮንድ ከከፈታችሁ ሁለቱንም ብልጭታ አታጡም። ሰማዩ ገና ብርሃን ካለው ግን ሠላሳ ይበዛል። ያኔ ሹተሩን ከመጀመሪያው ብልጭታ ትንሽ ቀደም ብሎ ከፍቶ ከሁለተኛው በኋላ መዝጋት ነው፤ ስምንት ሴኮንድ ይበቃል።

ከዋክብት ለምትፈልጉ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ። የናግስ ሄድ ከተማ መብራት ከቦዲ በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ከማማው ሰሜን ቆማችሁ ወደ ደቡብ አንሱ። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍልም ሰመር ላይ የሚወጣው በደቡብ በኩል ነው።

ባለፈው ሰመር ከዚያው ጓደኛዬ ጋር ቦዲ ሄድን። በሐበሻ ሰዓት ተቀጣጥረን። ጎብኚው ሁሉ ሄዶ ረግረጉ በእንቁራሪት ድምፅ ተሞልቶ ነበር። እሱ ስልኩ ላይ ሴኮንዱን ይቆጥራል፣ እኔ የሹተሩን ገመድ ይዣለሁ። ሃያ፣ ሃያ አንድ። ማማው ጥቁር ሆኖ ቆሟል፤ ከኋላው ሰማዩ ሰማያዊ ነው። «አሁን» አለኝ። ከፈትኩት።