ተሳቢ ስትጎትቱ ኩሽኔታውን በእጅ ለኩት

ከባሕር ዳር በጎንደር አድርጋችሁ ወደ ደባርቅ ተሳቢ ለምትጎትቱ፦ የተሳቢ ኩሽኔታ (ጎማው እንዲዞር የሚያደርገው የቸርኬ መሀል ዕቃ) ሲበላሽ ጋቢና ላለ ሹፌር አይሰማውም፤ በተሰማው ጊዜ አልቆለታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለችው ሐሙሲት ስትደርሱ ነዳጅ ለቃችሁ፣ ፍሬን ብዙ ሳትረግጡ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሀል አስጠጉ፤ ወዲያው አትንኩት። ሞቅ ማለት ያለ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ግን ወይ ግራሶ አንሶታል፣ ወይ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይ ፍሬኑ ይዟል። ሌላውን ጎማ በድንጋይ አስደግፋችሁ የጋለውን በክሪክ አንሱና አሽከርክሩት፦ የተበላ ኩሽኔታ ይንኳኳል፣ ፍሬን ከያዘ ጎማው እንደ ልብ አይዞርም። እስከ ሐሙሲት ከባድ ቁልቁለት ስለሌለ ሙቀቱ ፍሬን ከመርገጥ የመጣ ነው ብላችሁ አትሳሳቱም። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ግን ሁሉም ስለሚግል ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ለኩ።