የሞተር ቅያሪው ያመጣብኝ የሞላ ጣጣ
ከድሮዋ መኪናዬ ከባዱን ባለ 6 ሲሊንደር የብረት ሞተር አውጥቼ ቀለል ያለ ባለ 4 ሲሊንደር አሉሚኒየም ገጠምኩላት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ፊቷ ግን ወደ ላይ ተንጋጠጠ። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ትዘላለች፣ መሪውም አልረጋ አለኝ።

መጀመሪያ ሞላውን (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመውን ጥምዝምዝ ብረት) ቆረጥኩት። ከፍታው ወረደ፣ መዝለሉ ግን ባሰበት! ለካ ሞላ ሲቆረጥ ይበልጥ ይጠነክራል። የእኔው ደግሞ ለከባዱ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ቀድሞውኑ ጠንካራ ነበር። ሳልቆርጠው ብሸጠው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ውሃ፣ ዘይትና ነዳጅ ሞልቼ እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት በሚዛን ለካሁ። በዚያ ልክ ለስለስ ያለ ሞላ አስገባሁ። የሞላውን መዝለል የሚያበርደውን ሾክ አብዞርበርም ቀየርኩ፤ የድሮው ለጠንካራ ሞላ የተሠራ ስለነበር አዲሱን አላላውስ ብሎት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጎሚኒ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ) ያለባቸውን ብሎኖች ያጠበቅኳቸው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። በመጨረሻ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራሁ።

አሁን መሪው ረግቷል። ፍሬኑ ግን ይቀረኛል፤ ፊቷ ስለቀለለ ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማዎቹ ቶሎ ይታሰራሉ (መሽከርከር ያቆማሉ)።