የጌም ጦረኛን በኡኪዮ-ኤ የእንጨት ህትመት መሥራት

የቪዲዮ ጌም ሥዕል በብርሃን ይቆማል፤ ሰይፉ ያበራል፣ ጭሱ ይጨሳል፣ ፊቱ ግማሹ ጥላ ነው። የጃፓኑ ባህላዊ የእንጨት ህትመት፣ ኡኪዮ-ኤ፣ በዋናነት የሚያውቀው መስመርና ዝርግ ቀለም ስለሆነ ሥራው ከመቀነስ ይጀምራል።

የመረጣችሁትን ምስል ኦባን በሚባለው የኤዶ ዘመን (1603–1868 እ.ኤ.አ.) የህትመት መጠን፣ ማለትም 26 በ39 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዋሺ በሚባለው ስስ የጃፓን ወረቀት ላይ በብሩሽ ንደፉ። ጥላውን በሙሉ ጣሉት። መስመሩ የልብስ እጥፋት ላይ ይወፍር፣ ፊት ላይ ይቅጠን። እሳትና ፍንዳታ እንደ ምላስ የተጠማዘዘ ጠርዝ ካልተሰጣቸው ሊቀረጹ አይችሉም። የኡኪዮ-ኤ ሠዓሊው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ ከ1827 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ ያወጣቸውን የጦረኞች ህትመቶች አጥኑ፤ ለጌም ጀግና ከዚያ የተሻለ መምህር የለም።

ንድፉን ፊቱን ወደ እንጨቱ አዙራችሁ በሩዝ ማጣበቂያ ለጥፉት፤ ሲታተም መልሶ ይገለበጣል። ጀግናው ሰይፉን በግራ እጁ ይዞ የሚወጣው በቀጥታ እንጨቱ ላይ ሲሳል ነው። የጥንቶቹ ቀራጮች የሚመርጡት የተራራ ቼሪ ነበር፤ ለጀማሪ ኮምፔንሳቶ ይበቃል፣ ቀጫጭን የፀጉር መስመር ግን ይሰበርበታል። ቢላውን በመስመሩ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ቁረጡ፤ መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ይበል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መስመር ሲታሸት ይነቀላል። ሰፊውን ባዶ ቦታ በመሮ ጠለቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ እርጥቡ ወረቀት ረግቦ ይቆሽሻል።

ትልቁ ጥንቃቄ ኬንቶ ላይ ነው። ኬንቶ እንጨቱ ላይ የሚቀረጹ፣ ወረቀቱ የሚያርፍባቸው ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ ለወረቀቱ ማዕዘን፣ ሌላው ለዚያው ጠርዝ ቀጥታ፣ ጥልቀታቸውም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የእንጨት ሰሌዳ ስላለው፣ መስመሩ የተቀረጸበትን ሰሌዳ ከነኬንቶው በስስ ወረቀት አትሙና እያንዳንዱን ቅጂ በየቀለሙ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ቅረጹ። በማስመሪያ ለክቶ ማስተላለፍ አያዋጣም። ለመጀመሪያ ሥራ 5 ቀለም ይበቃል።

የሚታተምበት ወፍራም ዋሺ ከዋዜማው ጀምሮ እርጥብ ወረቀት መካከል ተደርድሮ በፕላስቲክ ይሸፈን። መስመሩ ይቅደም፤ ከዚያ ከፈዛዛው ቀለም ወደ ደማቁ። በውሃ በተበጠበጠው ቀለም ላይ ጥቂት የሩዝ ማጣበቂያ ጨምራችሁ በብሩሽ አዳርሱ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ፣ ጀርባውን ባረን በሚባለው ክብ ማሻሻ እሹ። ማጣበቂያው ካነሰ ቀለሙ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ቀለሙ ከበዛ በመስመሮቹ ዳር ይቋጥራል።

አንድ ቀለም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሸሸ ጥፋቱ የኬንቶው ነው፤ ላጥ አድርጉት ወይም ስንጥር አስገቡበት። ከወረቀት ወረቀት የተለያየ ከሆነ ግን ወረቀቱ እየደረቀ ተኮማትሯል፤ ክምሩን ሸፍናችሁ በፍጥነት ሥሩ።

ለጌሙ ሰማይ ቦካሺ የሚባለውን ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ቀለም ተጠቀሙ። ከ1830 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ በጃፓን ህትመቶች የተስፋፋው የፕረሽያ ሰማያዊ እዚህ ውብ ነው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ ቀለሙን የብሩሹ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ አድርጉና ወደ ጎን ጎትቱ። ለእያንዳንዱ ወረቀት እንደ አዲስ ይደገማል፤ ሁለት ሰማይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም።

ያለቀውን ህትመት በካርቶኖች መካከል ክብደት ጭናችሁበት አድርቁ፤ ተሰቅሎ ከደረቀ ይጨማደዳል።