ደጀኑ ሲራመድ፦ የሎጂስቲክስ ድጋፍ ክፍልን ማደራጀትና ማሰማራት

የድጋፍ ክፍል ሲደራጅ መቆጠር ያለበት በመጋዘን የተከመረው ሳይሆን በአንድ ሌሊት ተጭኖ ግንባር ሊደርስ የሚችለው ነው። መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ ጦሩ የሚጠማው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ስለዚህ ከአደረጃጀቱ በፊት ስሌቱን እንያዝ።

600 ሰው ያለው ሻለቃ እንውሰድ። በሞቃት አገር ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለንጽሕናና ለሕክምና ለአንድ ሰው 15 ሊትር ውሃ ብንመድብ በቀን 9,000 ሊትር፣ ማለትም 9 ቶን ይሆናል። ምግቡ ከነማሸጊያው በሰው 2 ኪሎ ቢታሰብ 1.2 ቶን ነው። 60 ተሽከርካሪዎች በአማካይ 80 ሊትር ቢፈጁ 4,800 ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል፤ ይህም 4 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጥይትና መለዋወጫ ገና ሳይነካ ከ14 ቶን አለፍን፤ ከዚያም ውስጥ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። በአቅራቢያው የሚጣራ የውሃ ምንጭ ያገኘ ክፍል የጭነት ሐሳቡ የሚቀለው ለዚህ ነው፤ ቅኝት ሲወጣም መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ይኸው ነው።

አሁን ወደ መኪናው። 10 ባለ 5 ቶን መኪና አለን ማለት 50 ቶን እንጭናለን ማለት አይደለም። ምንጊዜም ሁለቱ ጋራዥ ናቸው ብሎ ማቀድ ይሻላል። ደጀኑ ከግንባሩ 45 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ጉዞውም መብራት ጠፍቶ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 3 ሰዓት፣ መጫኛው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማራገፊያው 1 ሰዓት፤ በድምሩ 8 ሰዓት ተኩል። በአንድ ሌሊት አንድ ምልልስ፣ 40 ቶን ማለት ነው። ጦሩ ገፍቶ ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ምልልሱ 14 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ ሌሊት ስለማይበቃው መኪኖቹ አንዱን ሌሊት ይሄዳሉ፣ በማግስቱ ሌሊት ይመለሳሉ። በቀን የሚደርሰው 20 ቶን ብቻ ነው። አንድም መኪና ሳይጠፋ፣ ጦሩ ድል አድርጎ ስለገፋ ብቻ አቅርቦቱ በግማሽ ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ1944 በፈረንሳይ የአሜሪካ ጦር የገጠመው ይኸው ነው። ከኖርማንዲ ጥሶ ከወጣ በኋላ ግንባሩ ከባሕሩ ዳርቻ በፍጥነት ራቀ፤ የባቡር ሐዲዱ ደግሞ በአየር ድብደባ ፈርሶ ነበር። ኦገስት 25 ቀን «ሬድ ቦል ኤክስፕረስ» የተባለው የጭነት መስመር ሥራ ጀመረ። አንዱ መንገድ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ ብቻ ተመደበ፤ ሌላ ተሽከርካሪ እንዳይገባ ተከለከለ። ኦገስት 29 ቀን 5,958 ተሽከርካሪዎች 12,342 ቶን አደረሱ። ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ነገር ግን ያለ በቂ ጥገና የተነዱት መኪኖች ጎማና ሞተር አለቀ፤ ባዶ ጀሪካኖች በየመንገዱ ተጥለው ስለቀሩም የነዳጅ መያዣ አጠረ። ባዶ ዕቃ ካልተመለሰ የነገው ጭነት የለም።

አደረጃጀቱ በሦስት እርከን ቢታሰብ ይቀላል። ሻለቃው አጠገብ የድጋፍ ሻምበል ይኖራል፤ አንዱ መቶ (ከሻምበል በታች ያለው ክፍል) ምግብ፣ ውሃ፣ ነዳጅና ጥይት ያመላልሳል፣ ሌላው መቶ ይጠግናል። ብርጌዱ የስርጭት፣ የጥገናና የሕክምና ሻምበሎች ያሉት የድጋፍ ሻለቃ ይይዛል። ከዚያ በላይ ክፍለ ጦሩና ዕዙ ዴፖዎችን፣ ከባድ ማመላለሻንና ዋና ጥገናን ያስተዳድራሉ። በወታደሩና በተሽከርካሪው ላይ የአንድ ቀን፣ በድጋፍ ሻምበሉ የአንድ ቀን፣ በብርጌዱ የአንድ ቀን ክምችት ከተያዘ መንገድ ቢዘጋ 72 ሰዓት መቆየት ይቻላል። የድጋፍ ሻምበሉ ለማን ይታዘዛል የሚለው ጥያቄ በትእዛዝ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የዕለት ሥራውን የሚያዝዘው የሚደገፈው ሻለቃ አዛዥ ቢሆን፣ ባለሙያና መለዋወጫ የሚያሟላለት ደግሞ የድጋፍ ሻለቃው ቢሆን ይመረጣል። ይህ በግልጽ ካልተቀመጠ ሁለት አዛዦች አንዱን ቦቴ በአንድ ሰዓት ለሁለት ቦታ ያዝዙታል።

ጭነት ሲከፋፈል አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ መኪና ላይ መከመር የለበትም። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1982 በፎክላንድ ጦርነት «አትላንቲክ ኮንቬየር» የተባለችው መርከብ ስትመታ ወታደርና ከባድ ጭነት የሚያጓጉዙ ሦስት የቺኑክ ሄሊኮፕተሮች አብረው ጠፉ፤ ብዙ የብሪታንያ ወታደሮች ደሴቲቱን በእግር ለማቋረጥ ተገደዱ። የሞርታር ጥይት በሦስት መኪና ከተከፋፈለ ግን አንዱ ቢመታ ሁለቱ ይደርሳሉ። የመኪና አሞላልም ይለያያል፦ ድንኳንና አልባሳት ክብደቱ ሳይደርስ ቦታውን ይሞላሉ፤ የመድፍ ጥይት ግን ካሮሳው ግማሽ ሳይሞላ የክብደት ልኩን ያልፋል። ቦታ ስላለ ብቻ ጥይት የጨመረ ሰው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራ መንገድ ላይ ይሰብራል።

የዕለቱ ዑደት በሪፖርት ይጀምራል። ከቀኑ 10 ሰዓት እያንዳንዱ ሻምበል በእጁ የቀረውን ያሳውቃል። «ይህን ያህል ላኩልን» የሚል ሪፖርት አይጠቅምም፤ ፍርሃት ያለበት ሁሉ እጥፍ አድርጎ ይጠይቃልና። የቀረው ከታወቀ የሚላከውን የድጋፍ ክፍሉ ራሱ ያሰላዋል። መኪኖቹ በየሻምበሉ ተለይተው ይጫናሉ፣ ሲጨልም ይነሳሉ፣ በመረካከቢያው ቦታ የየሻምበሉ መሪ ተቀብሎ ይወስዳቸዋል። በዚያ ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆመ ኮንቮይ ለድሮንና ለመድፍ ዒላማ ነው። መሪው ካልመጣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅና ከዚያ በኋላ ጭነቱ የት እንደሚሄድ ከመነሳት በፊት ለሾፌሩ ይነገረው። ይህ ሳይነገረው የቀረ ሾፌር ወይ እስኪነጋ ይቆማል፣ ወይ ጭነቱን ይዞ ይመለሳል።

መኪናው ሲመለስ ባዶ ጀሪካን፣ የተበላሹ ዕቃዎችና ቀላል ቁስለኞች ይዞ ይመጣል። አምቡላንስ ላይ ግን ጥይት በፍጹም አይጫንም፤ የሕክምና ተሽከርካሪ ለውጊያ ተግባር ከዋለ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የሚያገኘውን ጥበቃ ያጣል።

ጥገናው ወደ ግንባር መቅረብ አለበት፤ በጥቂት ሰዓት የማይጠገነው ግን ተጎትቶ ወደ ኋላ ይሂድ። ከቆመ መኪና ዕቃ መፍታት የሚፈቀደው በአዛዥ ትእዛዝ ነው፤ የተፈታው ዕቃ ስምና ቀን በመኪናው መሪ ላይ በካርድ ይንጠልጠል። ካርድ ከሌለ በሦስተኛው ቀን ያ መኪና በቀላሉ ሊጠገን ይችል እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ሰፈሩ ሲመረጥ መግቢያና መውጫው የተለያየ፣ መሬቱ የተጫነ ቦቴ የሚሸከም፣ ነዳጁ ከውሃውና ከሰዎች ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት፣ ጥይቱም ከሕክምናው የሚርቅበት ይሁን። ወደ አዲስ ቦታ ሲዛወር ቅኝት አስቀድሞ ፈንጂውንና መሬቱን ይፈትሻል። ከዚያ ግማሹ ክፍል ይሄዳል፣ ግማሹ በነበረበት ማደሉን ይቀጥላል፤ የሄደው ሥራ መጀመሩን በሬዲዮ ሲያሳውቅ የቀረው ይነሳል። በአሮጌው ቦታ ሬዲዮና የአዲሱ ሰፈር ካርታ የያዙ ሁለት ሰዎች እስከ ማግስቱ ይቆያሉ፤ መዛወሩን ሳይሰማ በሌሊት ቁስለኛ ጭኖ የሚመጣ ሾፌር አይታጣምና።