የውህድ ስም ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

የኢንኦርጋኒክ ውህድ ስም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ፎርሙላው ውስጥ እነማን እንዳሉ ሳይለይ ስም ማውጣት ሲጀመር። ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሜታል አለበት ወይስ የለበትም?

ምልክት፦ «ማግኒዚየም ዳይክሎራይድ» ብላችሁ ጽፋችሁ ተሰረዘባችሁ

ምክንያት፦ «ዳይ» (ሁለት)፣ «ትራይ» (ሦስት) እያሉ መቁጠር የሁለት ኖን-ሜታሎች ውህድ ደንብ ነው። የማግኒዚየም ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙሌት) ሁሌም +2 ስለሆነ፣ ክሎራይዱ ሁለት መሆኑ ሳይነገርም ይታወቃል።

መፍትሄ፦ ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ በቃ። አሞኒየም (ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን የተሠራ፣ +1 ቻርጅ ያለው ቡድን) ሜታል ባይሆንም እንደ ሜታል ነው የሚስተናገደው። እሱም ላይ አትቁጠሩ።

ምልክት፦ «ኮፐር ኦክሳይድ» ስትሉ «የትኛው?» ተባላችሁ

ምክንያት፦ ኮፐር +1ም +2ም ይሆናል። አይረን፣ ሌድና ቲንም እንዲሁ ከአንድ በላይ ቻርጅ አላቸው። ቁጥሩ ካልተነገረ ስሙ ሁለት የተለያዩ ውህዶችን ይጠራል።

መፍትሄ፦ የሜታሉን ቻርጅ ከሜታሉ ስም ቀጥሎ በቅንፍ፣ በሮማን ቁጥር ጻፉ። ይህን ዘዴ ያመጣው ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለት ኮፐርና አንድ ኦክስጅን ያለበትን ፎርሙላ አይቶ፣ ከኮፐር ግርጌ ያለችውን 2 አንስቶ ቅንፍ ውስጥ ይከትታል። የግርጌ ቁጥር የአተም ብዛት ነው፤ ቅንፍ ውስጥ የሚገባው ቻርጅ ነው። ሁሌም ከአሉታዊው ወገን ጀምራችሁ አስሉ። ኦክስጅኑ -2 ነው። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ሁለቱ ኮፐሮች በጋራ +2 መያዝ አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ +1 ይደርሰዋል። ስለዚህ ኮፐር አንድ ኦክሳይድ ነው። ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ የሚባለው አንድ ለአንድ የሆነው ነው።

የቆዩ ጠርሙሶች ላይ «ፌረስ» እና «ፌሪክ» ታገኛላችሁ፤ የአይረን +2 እና +3 ናቸው። «ኩፕረስ» ግን +1፣ «ኩፕሪክ» +2 ነው። «-ረስ» ሁሌ ሁለት ነው ብላችሁ እንዳትይዙ።

ምልክት፦ «ናይትሮጅን ኦክሳይድ» ብላችሁ ነጥብ አጣችሁ

ሁለቱም ኖን-ሜታል ስለሆኑ መቆጠር አለባቸው፦ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ኦክስጅን ካለ ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ነው። «ሞኖ» (አንድ) ከመጀመሪያው ንጥረ ነገር ላይ ይቀራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንላለን።

ምልክት፦ ሰልፋይድ፣ ሰልፋይትና ሰልፌት ይምታቱባችኋል

ምክንያት፦ በጽሑፍ ሰልፋይድንና ሰልፋይትን የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ልዩነቱን ግን አትናቁት። ሶዲየም ሰልፋይድ ላይ አሲድ ቢጨመር መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ከሶዲየም ሰልፌት ግን አይወጣም።

መፍትሄ፦ በ«-አይድ» የሚያልቀው ሰልፈሩ ብቻውን ሲሆን ነው። ኦክስጅን ከተጨመረበት ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ሦስት ሲሆን ሰልፋይት፣ አራት ሲሆን ሰልፌት። ይህን ቁጥር ግን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር አትውሰዱት። ናይትሬት ሦስት ኦክስጅን ነው ያለው፣ ናይትራይት ሁለት። «-ኤት» ከ«-አይት» የበለጠ ኦክስጅን አለው ማለት እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ ይህን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። ሃይድሮክሳይድና ሳያናይድ ደግሞ ከአንድ በላይ ንጥረ ነገር ይዘው በ«-አይድ» የሚያልቁ ናቸው፤ ለይታችሁ ያዟቸው።

ቻርጁንም እዩ። አንድ ሰልፈርና ሦስት ኦክስጅን -2 ቻርጅ ካለው ሰልፋይት ነው። ቻርጅ ከሌለው ሰልፈር ትራይኦክሳይድ የሚባል ራሱን የቻለ ውህድ ነው።

ምልክት፦ የአሲዱ ስም ጠፋባችሁ

የአዮኑን (እንደ ሰልፌት ያለ ቻርጅ የያዘውን ቅንጣት) ስም መጨረሻ ተከተሉ። «-ኤት» ወደ «-ኢክ»፣ «-አይት» ወደ «-ረስ» ይዞራል፦ ከሰልፌት ሰልፈሪክ አሲድ፣ ከሰልፋይት ሰልፈረስ አሲድ። ክሎራይድ ሲሆን «ሃይድሮ» ከፊት ይገባል፤ ጋዙ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይባላል።